«እንዲህ አይደለም!»
ስለ ተከታታይ ፊልሞችና ስለ ተመልካቾች ፍርድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ በራቤል፥ ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ አፈር መሸርሸር፥ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ትምህርት ጥቅም ነግረውናል። የኔ ርእስ ግን ስለ ፊልም ነው ብል፥ አንዳንድ ወላጆች «ይህ ልጅ በበዓል ቀን ስለ ጨዋታ ሊያወራ ነው» ብለው ይታዘቡኝ ይሆናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቢታገሡኝ፥ ነገሩ ስለ ፊልም ብቻ ሳይሆን ስለ አንደበታችንም መሆኑን ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ በክረምት ማታ እሳት ዳር ተሰብስበን፥ አያቴ የበግ ጠጉር እየፈተሉ የቀበሮንና የጅብን ተረት ይነግሩን ነበር። ተረቱን ከልባችን እናውቀዋለን፤ ቢሆንም በየማታው ይደገምልን ብለን እንለምናለን። አንድ ማታ አያቴ ደክሟቸው እንደ ሆነ ወይም ሊፈትኑን ፈልገው እንደ ሆነ አላውቅም፥ ጅቡን ገደል በመክተት ፈንታ ከቀበሮዋ ጋራ አስታርቀው ሰደዱት። ያን ጊዜ ሁላችንም ባንድ አፍ «እንዲህ አይደለም!» ብለን ጮኽን። ታናሽ እኅቴማ አለቀሰች። አያቴም ሥቀው «ለመሆኑ ተረቱ የማን ነው? የኔ ነው ወይስ የናንተ?» ብለው ጠየቁን። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ይህ የአያቴ ጥያቄ ዛሬ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች የሚከራከሩበት ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁት፥ ያነበብሁትንና ያሰብሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምናገረው በኛ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር ጆርጅ ሉካስ የሚባል የፊልም አዘጋጅ በግንቦት ወር 1969 ዓ.ም. «ስታር ዎርስ»፥ ማለት «የከዋክብት ጦርነት» የተባለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ በአጎቱ እርሻ ላይ ያደገ ሉክ ስካይዎከር የሚባል ወጣት፥ በከዋክብት መካከል በሚደረግ ጦርነት ገብቶ ጀግና ስለ መሆኑ የሚተርክ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ቀን የታየው ከ40 በማይበልጡ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበር፤ ያወጣው ኩባንያም ብዙ ተስፋ አልጣለበትም ነበር። ሆኖም ሕዝቡ እየተሰለፈ አየው፤ አይቶም ተመልሶ ደግሞ አየው። በ1972 ዓ.ም. ሁለተኛው፥ በ1975 ዓ.ም. ሦስተኛው ክፍል ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ ብዙ ሰዎች ከሁሉ ይበልጣል የሚሉት ሁለተኛው ክፍል፥ በወጣበት ጊዜ አንዳንድ ሐያስያን «ጅምር ነው፥ ፍጻሜ የለውም» ብለው ነቅፈውት ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ፍርድ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም ማለት ነው።

ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ተመልካቾች 16 ዓመት ጠበቁ። በግንቦት 1991 ዓ.ም. አዲሱ ክፍል ሊታይ ሲል፥ በአሜሪካ ከተሞች ሰዎች ከሳምንታት በፊት ጀምረው በሲኒማ ቤቶች በር ላይ ድንኳን ተክለው አደሩ። ፊልሙን አይተው ሲወጡ ግን ብዙዎቹ ተቈጡ። «ስለ ንግድና ስለ ግብር የሚያወራ ነገር በዛበት፤ ጃር ጃር የሚባለው አሥቂኝ ፍጥረት አበላሸው፤ የልጅነታችንን ፊልም ወሰደብን» አሉ። ከዚያም በፊት በጥር 1989 ዓ.ም. ሉካስ የድሮዎቹን ፊልሞች አድሶና አንዳንድ ቦታ ለውጦ ባወጣቸው ጊዜ፥ በአንድ ትርኢት ቀድሞ የሚተኩሰው ሰው ኋላ ተኳሽ ስለ ሆነ ብቻ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ሉካስ «ሥራው የኔ ነው፥ ላሻሽለው እችላለሁ» የሚል ነበር፤ ተመልካቾቹ ደግሞ «ካየነውና ከወደድነው ወዲያ የኛ ነው» የሚሉ ነበሩ። ይህ እንግዲህ ያያቴ ጥያቄ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ የሉካስን ድርጅት 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ገዛና ታሪኩን ቀጠለ። በታኅሣሥ 2008 የወጣውን ክፍል አንዳንዶች «የመጀመሪያውን ፊልም ደገመው እንጂ ምን አዲስ ነገር አመጣ?» አሉት። ይህን ትችት የሰማ ይመስል በታኅሣሥ 2010 የወጣው ክፍል መንገዱን ቢለውጥ «የምናውቀውን ጀግና አበላሸብን» ተባለ። በታኅሣሥ 2012 የወጣው ደግሞ ወደ ድሮው መለስ ቢል «ተመልካችን ለማባበል ሲባል ተሠራ» ተባለ። ሲመሳሰል «ደገመው»፥ ሲለይ «አበላሸው»፥ ሲያባብል «ፈራ» ይባላል። እንዲህ ከሆነ የሚሠራው ሰው በየት በኩል ይለፍ?

ይህ ዐይነት ቍጣ ከፊልም በፊትም የነበረ ነው። የብሪታንያው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምዝ የተባለውን የወንጀል መርማሪ ታሪክ በመጽሔት ላይ ሲጽፍ ቈይቶ፥ ስለ ሰለቸው በ1886 ዓ.ም. ጀግናውን ፏፏቴ ውስጥ ጥሎ ገደለው። አንባቢዎች ግን አዘኑ፥ ተቈጡ፥ ለደራሲው የወቀሳ ደብዳቤ ጻፉ። ዶይል በ1893 ዓ.ም. ሆምዝ ሳይሞት በፊት የሆነ ነው ብሎ አንድ ታሪክ ጻፈላቸው፤ በ1896 ዓ.ም. ግን «ለካስ አልሞተም ነበር» ብሎ ፈጽሞ አስነሣው። ደራሲው የፈጠረውን ሰው ራሱ ሊገድለው አልቻለም።

ደግሞም ጄምስ ቦንድ የሚባለውን የእንግሊዝ ሰላይ ፊልም የምታውቁ አላችሁ። የመጀመሪያው በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣ፤ 25ኛው በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ታየ። በጥቅምት 1998 ዳንኤል ክሬግ የሚባል ተዋናይ አዲሱ ቦንድ እንዲሆን መመረጡ በተነገረ ጊዜ «ጠጉሩ ቢጫ ነው፥ ቁመቱም አይበቃም» ብለው ፊልሙን አናይም የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ልብ በሉ፤ ገና አንድ ትርኢት እንኳ አልታየም። በኅዳር 1999 ፊልሙ ሲወጣ ግን በጣም ተወደደ፤ ሰውየውም እስከ 25ኛው ድረስ 5 ፊልሞች ሠራ። ሳያዩ የፈረዱት ሰዎች ጠጉሩን ለመለወጥ አልቻሉም፤ ሐሳባቸውን ግን ለመለወጥ ተገደዱ።

ወደ አገራችን ስንመለስም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ያን ስም ካወጡለት ሰዎች መካከል በሩን ረግጦ ገብቶ የማያውቀው ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ኋላ ግን የዚያው ሕዝብ ልጆች በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለውን የአማርኛ ፊልም ሠርተው አሳዩ። ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው፥ ማንበብ የማይችሉት አባቶችና እናቶች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ወደ ራዲዮው አዘንብለው ሰሙት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀረበ። በቤታችን ድራማው ሲታይ አባቴ «ጉዱ ካሣ እንዲህ አይደለም!» ሲሉ ሰማኋቸው። አባቴ መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ጉዱ ካሣንም በዐይናቸው አላዩትም። ከወጋየሁ ድምፅ ተነሥተው በልባቸው የሣሉት አንድ ጉዱ ካሣ አለ፤ እርሱን የሚመስል በቴሌቪዥኑ ውስጥ አጡ። ሽማግሌ አባቴና ታናሽ እኅቴ ባንድ ቃል ሲጮኹ ባየሁ ጊዜ፥ ይህ ነገር የልጅነት ሳይሆን የሰው ጠባይ መሆኑ ገባኝ።

እንግዲህ ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት ነው።

አንደኛ፥ የምንወደው ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ታሪኩን የሰማንበትን ዘመን ነው። የያያቴን ተረት ሳስታውስ የምናፍቀው ጅቡን አይደለም፤ እሳቱንና ያያቴን ድምፅ ነው። አዲስ ክፍል ምንም ቢያምር ያን ዘመን አይመልስልንም። ለዚህም ማስረጃ አለ። በ1991 ዓ.ም. አዋቂዎች የተቈጡበትን የስታር ዎርስ ፊልም፥ በዚያ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት አድገው ዛሬ «የኛ ፊልም» ብለው ይወዱታል። ከዚያ ቀጥለው በወጡት ክፍሎች ላይ ሠርቶ አጨዋወቱ የተነቀፈው ሄይደን ክሪስተንሰን፥ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በተከታታይ ድራማ ሲመለስ በደስታ ተቀበሉት። ሰውየው አልተለወጠም፤ ዳኞቹ ናቸው የተለወጡት።

ሁለተኛ፥ ስንጠብቅ በልባችን የራሳችንን ፊልም እንሠራለን። 16 ዓመት የጠበቀ ሰው 16 ዓመት ሙሉ በልቡ ሲሠራ ኖሯል። በልብ የሚሠራ ፊልም ደግሞ ገንዘብ አይጨርስም፥ ተዋናይ አይታመምበትም፥ ዝናብ አያበላሸውም። ከዚህ ጋራ ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ሥራ አይገኝም።

ሦስተኛ፥ ተመልካቾች እውነት የሚሆንላቸው ጊዜም አለ። ይህን መካድ ትክክል አይሆንም። ኩባንያዎች የታወቀ ስም ገበያ እንደሚስብ ስለሚያውቁ፥ የሚነገር ታሪክ ሳይኖራቸው ስሙን ብቻ ይዘው የሚያወጡት አለ። የበሰለ ጠላ በውሃ እንደሚቀጥን ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ ዝም ማለት የለበትም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደ «ሶኒክ» የሚባል ጃርት ፊልም ማስታወቂያው ሲወጣ፥ ተመልካቾች «ጥርሱ የሰው ጥርስ ይመስላል፥ ዐይኑም የምናውቀው ዐይን አይደለም» ብለው ተቃወሙ። አዘጋጁ ሰምቶ «እናስተካክለዋለን» አለ። ሊወጣ ከታሰበበት ከጥቅምት ወደ የካቲት 2012 ተሸጋግሮ ጃርቱ እንደገና ተሣለ፤ ፊልሙም ተወደደ። ይህ ትችት ለምን ፍሬ አፈራ ብትሉ፥ ስለ ጥርስና ስለ ዐይን ስለ ተናገረ ነው። ሥራውን አመለከተ፤ የሚስተካከለውንም አሳየ።

ነገር ግን፥ ወገኖቼ፥ ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ቦታ ደርሻለሁ።

በ1991 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ጃር ጃር የተባለውን ፍጥረት ሆኖ የተጫወተው አህመድ ቤስት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ገጸ ባሕርዩን የጠሉ ሰዎች እርሱን ጠሉት፤ ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ስድቡ ከየአቅጣጫው ዘነበበት። ይህ ሰው ከ19 ዓመት በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. ያን ጊዜ ሕይወቱን እስከ ማጥፋት አስቦ እንደ ነበረ ለሕዝብ ተናገረ። በዚያው በ2010 ዓ.ም. ኬሊ ማሪ ትራን የምትባል፥ ወላጆቿ ከቬትናም የመጡ ተዋናይት በአዲሱ ክፍል ስለ ተጫወተች፥ ስለ ዘሯና ስለ መልኳ በየቀኑ ስድብ እየተጻፈላት፥ በኢንተርኔት ገጿ ላይ የነበራትን ሁሉ አጥፍታ ወጣች። ቈይታም በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ላይ ስትጽፍ፥ የተባለውን እስከ ማመን ደርሳ እንደ ነበረ ገለጸች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን በደሉ? የተጻፈላቸውን ተጫወቱ። ታሪኩን እነርሱ አልደረሱትም።

በአገራችንም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» ይታይ በነበረ ጊዜ፥ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ስንቱ ሰው ይጠላው እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። አንድን ክፉ ሰው አሳምኖ መጫወት ትልቅ ችሎታ ነው። «እንዴት ያለ ክፉ ነው!» ማለታችን ለተዋናዩ ምስጋና ነው፤ ገጸ ባሕርዩን ትተን ተዋናዩን ብንሰድብ ግን ምስጋናውን ወደ በደል መለወጣችን ነው።

ይህን ሁሉ በውጭ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አላመጣሁትም። በራሴ ላይ ለመመስከር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የድራማ ክበባችን ስለ አንድ ቋጣሪ ነጋዴና ስለ ብልህ ሚስቱ አጭር ኮሜዲ እንዳሳየ ታስታውሳላችሁ። ሚስቲቱን የተጫወተችው ልጅ በሣቅ ገደለችን። እርሷ ትምህርቷን ጨርሳ ስትሄድ፥ ባለፈው ዓመት ክበቡ ሁለተኛውን ክፍል አዘጋጀና ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጠ። ያቺ ልጅ ወጥታ ገና ሁለት ዐረፍተ ነገር እንደ ተናገረች፥ ከአዳራሹ ኋላ «ያችኛዋን አምጡልን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ፉጨቱም በረታ። ልጅቱ ድምጿ እየቀነሰ እስከ መጨረሻው ተጫወተች። በማግሥቱ ግን ወደ ልምምድ አልመጣችም፤ ክበቡንም ተወች።

ያ የመጀመሪያው ድምፅ የኔ ነበር።

ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ይህን ያውቃሉ፤ መምህራኖቻችን ግን ዛሬ መስማታቸው ነው። በዚያ ማታ ክፉ ነገር ያደረግሁ አልመሰለኝም፤ የሣቅሁና ያሣቅሁ ነው የመሰለኝ። ከወራት በኋላ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም ብዙ አልተናገረችም። «የፊተኛዋን ልጅ እኔም እወዳት ነበር። እርሷን ልሆን አልነበረም የወጣሁት፤ ታሪኩ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው» አለችኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የምንወደው ታሪክ ሲቀጥል፥ የሚቀጥለው ሰው ብዙ ጊዜ እንደኛው የታሪኩ ወዳጅ ነው። የኛ አገር ባና የሚሠራው ቁራጭ ከቁራጭ እየተሰፋ ነው። በአሮጌው ባና ላይ አዲስ ቁራጭ ሲጨመርበት ቀለሙ አይገጥምም፤ ያስታውቃል። ሆኖም ባለቤቱ «አይመስልም» ብሎ አይጥለውም፤ ለብሶት ይከርማል፤ ከጊዜ በኋላም የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደ ነበረ ይረሳዋል። በራቤል ብርድ ደግሞ አዲስ ቁራጭ የሚቀጥል ሰው ባይኖር ምን እንደምንሆን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ፥ ውድ ጓደኞቼ፥ ሦስት ነገር እንድናደርግ አሳስባለሁ።

መጀመሪያ፥ አይተን እንፍረድ። ማስታወቂያውን ወይም የሰው ወሬ ሰምተን «የማይረባ ነው» አንበል። በየስልካችን ላይ የሚመጣልንም ፍርድ የሌላ ሰው ፍርድ ነውና ተበድረን አንናገረው።

ሁለተኛ፥ ስንነቅፍ ሥራውን እንንቀፍ። «ይህ ንግግር ረዘመ፥ ይህ መጨረሻ አልታመነልኝም» ማለት መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችንም ነው፤ ተመልካች ዝም ያለበት ሥራ አያድግምና። ስለ ሰው መልክ፥ ስለ ዘሩና ስለ ድምፁ መናገር ግን ትችት አይደለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ኋላ ብንጸጸት አንመልሰውም። ፉጨት ደግሞ ከቃልም ይከፋል፤ የሚስተካከለውን አያመለክትምና።

ሦስተኛ፥ ለሥራ ጊዜ እንስጠው። አህመድ ቤስት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዚያው በስታር ዎርስ ዓለም ሌላ ጀግና ሆኖ በቴሌቪዥን ሲመለስ፥ ተመልካቾች በታላቅ ደስታ ተቀበሉት። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን 24 ዓመት ያህል ፈጀ። እኛ ደግነታችንን ይህን ያህል ማዘግየት አይገባንም።

ለያያቴ ጥያቄም ዛሬ መልስ ልስጥ። ተረቱ የማን ነው? እኔ እንደማስበው፥ ተራኪው እስኪናገረው ድረስ የተራኪው ነው፤ ከተናገረው በኋላ ከኛ ጋራ ይካፈለዋል። ስለዚህ «እንዲህ አይደለም!» ብለን ልንጮኽ እንችላለን፤ ያያቴን እንዝርት ግን ከእጃቸው ልንነጥቅ አንችልም። ያን ማታም ያለቀሰችው እኅቴ፥ ሲነጋ ያያቴን ጉልበት ይዛ «ያን የታረቁበትን ድገሚልኝ» ስትል ሰምቻታለሁ።

ንግግሬን የምፈጽመው በአንድ ግብዣ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ማታ የድራማ ክበባችን የነጋዴውንና የሚስቱን ታሪክ ሦስተኛ ክፍል በዚሁ አዳራሽ ያሳያል። ያቺ ልጅ ከብዙ ልመና በኋላ ተመልሳ ሚስቲቱን ትጫወታለች። ይህን ሁሉ እንድናገርም የፈቀደችልኝ እርሷው ናት። ከወደዳችሁት አጨብጭቡ፤ ካልወደዳችሁት ካለቀ በኋላ ወደ ክበቡ መጥታችሁ የቱ ቦታ እንዳልተስማማችሁ ንገሩን፥ በመዝገብ እንጽፈዋለን። መጀመሪያ ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። እኔ ዘንድሮ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ከኋላ ድምፅ ቢሰማ የኔ እንዳልሆነ ትመሰክሩልኛላችሁ።